ከቂሳርያ እስከ ዶር በብስክሌት የሚያልፍ መንገድ የሚያውቅ አለ?

የምኖረው እስራኤል ውስጥ ናታኒያ ነው። ከዚህ ተነስቼ የባሕሩን ዳር ይዤ እስከ ሃይፋ በብስክሌት መሄድ ፈልጌ ነበር፣ ዋናው ሐሳቤ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት ዓመት የታሰረባትን ቂሳርያንና ከዚያ በስተሰሜን ያለችውን ጥንታዊቷን ዶር ተረጋግቼ ማየት ነው። ያለኝ ጎማው ቀጭን የሆነ የከተማ ብስክሌት ነው፣ ማርሹ 7።

ባለፈው ዓርብ ሞከርኩ። ቂሳርያ ድረስ ደረስኩ፣ የሄሮድስን ወደብ አየሁ፣ እሰየው ብያለሁ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሮማውያኑ የውሃ ማስተላለፊያ ቅስቶች ያሉበት ባሕር ዳር አሸዋ ብቻ ነው፤ ጎማውን ትንሽ አስተነፈስኩት፣ ምንም አልረዳም፣ ሲሰምጥብኝ ወርጄ ገፋሁት፣ በፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ብስክሌቱ ሳይሆን እኔ ነኝ የተሸከምኩት ማለት ይቻላል። መንገድ ቁጥር 2 ደግሞ አውቶስትራዳ ነው፣ ብስክሌት አይፈቀድም። መንገድ ቁጥር 4 ላይ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት አልወድም፣ ባሕሩም ከዚያ አይታይም። ተመለስኩ።

ከቅስቶቹ ተነስቶ የታኒኒምን ወንዝ ተሻግሮ ዶር የሚያደርስ፣ ቀጭን ጎማ የሚችለው ጠንካራ መንገድ በየት በኩል ነው?