የማያሞቅ ልብስ ማድረቂያ፦ ባለሙያ ይጠራ፣ መለዋወጫ ይገዛ ወይስ ማሽኑ ይቀየር?

የልብስ ማድረቂያው ከበሮ በደንብ እየዞረ ልብሱ እንደገባ እርጥብ ሆኖ ሲወጣ፣ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚገዛው የማሞቂያውን ሬዚስታንስ ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሳስተያየው አሮጌው ምንም አልሆነም ነበር። ስለዚህ ከማናቸውም መለዋወጫ በፊት የምጠቁመው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) መግዛትን ነው፤ ኦም፣ ማለትም ዕቃው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ የሚለካ እስከሆነ ድረስ ርካሹም ይበቃል። ተራው የመብራት መፈተሻ መስመሩ መቋረጡን እንጂ መጠኑን ስለማይነግር በዚህ ሥራ ከመልቲሜትሩ ያንሳል።

ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ከሚለካው ዕቃ ላይ አንዱ ሽቦ ተላቆ ሲለካ፣ ደህና የሆነ የሙቀት ፊውዝ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል፤ የተቃጠለው ግን መስመሩ ስለተቋረጠ ምንም የኦም ቁጥር አያሳይም። በ220 ቮልት 2,000 ዋት የሚስብ ሬዚስታንስ 24 ኦም ገደማ፣ በ240 ቮልት 5,400 ዋት የሚስበው ደግሞ 11 ኦም ገደማ ሊያነብ ይገባል። ሞተሩ በ120፣ ማሞቂያው በ240 ቮልት በሚሠራባቸው ማሽኖች ከሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ብቻ ሲቋረጥ ከበሮው መዞሩን ሊቀጥል ስለሚችል፣ ማሽኑን ከመፍታት በፊት ብሬከሩን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ይቀድማል። ሙቀት የሌለው ፕሮግራም ተመርጦ እንደሆነም ይታይ፤ ያሳፍራል እንጂ ያጋጥማል።

ባለሙያን በተመለከተ፣ በእኔ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተዋል። የመጀመሪያው የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥቶ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኛቸውና ማሽኑ ወዲያው ሞቀ። ፊውዙ ግን የተቀመጠው አየር ሲታፈን ሙቀቱን ለመቁረጥ በመሆኑ፣ እርሱን መዝለል ቤቱን ለእሳት ማጋለጥ ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን እንኳ ሳያወጣ አየሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቀኝ፤ ማሽኑን ከግድግዳው ሲያርቀው ተጣጣፊው ቱቦ ታጥፎ ተጨፍልቋል፤ ውስጡን ደግሞ እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ የጠነከረ ግራጫ ብናኝ ሞልቶታል። የምመክረው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው፤ በስልክ ሲነጋገሩም ፊውዙ ለምን እንደሚቃጠል ቢጠይቁት ስለ አየር ማስወጫው ካላነሳ ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።

ከመለዋወጫዎች መካከል ሬዚስታንሱ ቮልቱ፣ ዋቱና መግጠሚያው እስከተስማማ ድረስ ከሌላ አምራች ቢሆንም አያስከፋም። በፊውዝና ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ግን መቆጠብን አልደግፍም፤ የሚቆርጡበት የሙቀት መጠን ከማሽኑ ጋር ካልተጣጣመ ወይ ያለ ጊዜው ይቆርጣሉ፣ ወይ ሊቆርጡ ሲገባ ዝም ይላሉ። አንዳንድ አምራቾች ሁለቱን አብረው በአንድ ጥቅል ስለሚሸጧቸው በአንድነት መቀየሩ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያየሁት ግን በቱቦው ነው። የፕላስቲኩ በእሳት ይቀጣጠላል፤ የፎይሉ ተጣጣፊ ቱቦ በቀላሉ ከመጨፍለቁም በላይ እጥፋቱ ብናኝ ይይዛል፤ ውስጡ ልሙጥ የሆነው ጠንካራ የብረት ቱቦ ከሁለቱም ይበልጣል። መጋጠሚያው ወደ ውስጥ በሚዘልቅ ብሎን ሳይሆን በብረት ፎይል ፕላስተር ይታሰር፤ የብሎኑ ጫፍ ብናኙን እየያዘ ያከማቻል።

ማሽን ለመቀየር ለሚያስቡ፣ ሂት ፓምፕ (እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር የሚሠራ ማሞቂያ) ያለው ማድረቂያ ኤሌክትሪክ በብዙ ይቆጥባል፤ ሆኖም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ልብሱም እንደ ለመዱት ትኩስ ሆኖ ላይወጣ ስለሚችል፣ ይህ ብቻውን እንደ ብልሽት አይቆጠርም። የእርሱ ሙቀት የሚመጣው ከኮምፕረሰሩ ስለሆነ፣ በእርግጥ ሲበላሽ የሚጠራው የፍሪጅ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።