የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ ከንግድ ኩባንያዎች ጋር በምን ውል እንሥራ?

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በተወሰነው መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ በጽሑፍ ማዳበር እንጀምራለን። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የሊኑክስ (ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ሥልጠናችንንም ሆነ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው የሚያስተዳድሯቸውን ሰርቨሮች በተመለከተ ከንግድ ኩባንያዎች ጋር የሚኖረን ግንኙነት በምን መርሕ ይመራ የሚለው ነው። ጥያቄውን ያስነሣው የመጪውን ዓመት የሥልጠና ወጪ ልሸፍን የሚል አንድ ኩባንያ መምጣቱ ነው። ያቀረበው ቅድመ ሁኔታም ሥልጠናው በእርሱ ምርት ላይ ብቻ እንዲሰጥና የምናዘጋጀው መማሪያ የባለቤትነት መብት ለእርሱ እንዲሆን ነው። ድርድሩ ስላላለቀ ስሙን አልጠቅስም፤ እናንተም እንዳትጠቅሱ እለምናለሁ።

የመነሻ ረቂቄ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ ከማንኛውም የንግድ ኩባንያ ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ባለሙያ ሊቀበል ይችላል፤ ሆኖም ድጋፉ የማኅበሩን ነፃነት የሚነካ መሆን የለበትም።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከሲስተም አስተዳዳሪ አባል

ጸሐፊያችን፣ ያቀረቡትን ረቂቅ ደጋግሜ አነበብኩት። መንፈሱን እደግፋለሁ፤ «ነፃነት የሚነካ» የሚለው ሐረግ ግን ነገ ስንከራከርበት የምንውልበት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ተነካ አልተነካ የሚለውን ማን ይወስናል? ቃላቱን ከመምረጣችን በፊት በሊኑክስ ዓለም የሆነውን አንድ ነገር በዝርዝር ብናየው፣ ምን መጻፍ እንዳለብን ይጠቁመናል።

ሴንትኦኤስ በ2004 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረ ዲስትሮ (ለአገልግሎት ተሰናድቶ የሚሰራጭ የሊኑክስ ዓይነት) ነበር። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች የሚሸጠውን የኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ምንጭ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ይፋ ያደርግ ስለነበር፣ የሴንትኦኤስ ሰዎች ያን ኮድ ወስደው፣ የሬድ ሃትን ስምና አርማ አውጥተው፣ እንደገና ገንብተው ለሁሉም ያለ ክፍያ ያቀርቡት ነበር። በ2014 ሬድ ሃት ፕሮጀክቱን ወደ ራሱ አስጠጋው፤ ዋና ዋናዎቹን ገንቢዎች ቀጠረ፣ የንግድ ምልክቱም በእጁ ገባ። ያኔ ብዙ ተጠቃሚ ደስ ብሎት ነበር፤ ያለ ደመወዝ ሲደክሙ የነበሩ ሰዎች ደመወዝ አግኝተዋልና። በ2019 አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። በዚያው ዓመት የወጣው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ድጋፍ እንደሚያገኝ ይታሰብ ነበር። በዲሴምበር 8 ቀን 2020 ግን ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚቆምና የሚቀጥለው ሴንትኦኤስ ስትሪም ብቻ እንደሆነ ተገለጸ። ስትሪም ከሚሸጠው ምርት ቀድሞ የሚሄድ፣ መጪው ንዑስ እትም የሚሰናዳበት መስመር ነው፤ ጸጥ ያለና የማይነቃነቅ ሰርቨር ለሚፈልግ ሰው የቀድሞውን ቦታ አይተካም። ለዐሥር ዓመት ያቀደ አስተዳዳሪ በአንድ ቀን ማስታወቂያ አንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ብቻ ቀረው።

ይህን የማነሣው ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም። ስሙ የማን እንደሆነ ከ2014 ጀምሮ ማንም ያውቀው ነበር፤ እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን ያላሰብንበት። ስለዚህ ማንኛውንም ሥርዓት ከመምረጣችን፣ ማንኛውንም ውል ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገሮች በማን እጅ እንዳሉ እንጠይቅ እላለሁ፤ ስሙ፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) እና ጥቅሎቹ (የሚጫኑት ፕሮግራሞች) እውነተኛ መሆናቸው እንዲረጋገጥ የሚፈረሙበት ዲጂታል ቁልፍ። የአንድ ኩባንያ በጎነት አለቃው ሲለወጥ ሊለወጥ ይችላል፤ የእነዚህ ሦስቱ ባለቤትነት ግን በጽሑፍ የሚገኝ ነገር ነው።

ከሥልጠና ክፍል ተጠሪዋ

የወንድማችን ማብራሪያ በጣም ጠቅሞኛል፤ ሦስቱን ጥያቄዎች በረቂቁ ውስጥ እንዲገቡ እደግፋለሁ። ይሁንና ኩባንያዎችን በጥርጣሬ ብቻ የሚያይ ሰነድ እንዳይወጣን እጨነቃለሁ፤ ምክንያቴንም ልግለጽ።

እኔ ሊኑክስን ያወቅሁት በፖስታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የነበረን ኢንተርኔት 700 ሜጋባይት ለማውረድ የሚታሰብ አልነበረም። ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ ኡቡንቱ የሚባለውን ዲስትሮውን የያዘ ሲዲ የፖስታውን ዋጋ ሳይቀር ራሱ እየከፈለ ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ስለነበር፣ በአጎቴ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አዘዝኩ። ከሳምንታት በኋላ አጎቴ ሣጥኑን ሲከፍት ያገኛትን ማሳወቂያ ወረቀት ይዤ ሄጄ፣ ካርቶን ልባስ ያላቸውን ሲዲዎች ተረከብኩ። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ሌሎቹን ለክፍል ጓደኞቼ አካፈልኩ፤ ከእነርሱ መካከል ዛሬ በዚህ ማኅበር አባል የሆኑ አሉ። ያ አገልግሎት በ2011 ቆመ፤ ቢሆንም ያኔ ያ ኩባንያ ባይኖር እኔ ይህን ሙያ አላውቀውም ነበር።

ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ቢሆን ዛሬ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ደመወዛቸውን ከኩባንያ በሚያገኙ ገንቢዎች ነው። ደመወዝ የሌለበት ቦታ የሚደርሰውን አደጋ ደግሞ በማርች 2024 አይተናል። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም) ወደ ማሽን ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ሲከታተል፣ ኤክስዜድ በሚባለው ፋይል መጭመቂያ እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ቀዳዳ) አገኘ። ያን ፕሮግራም ለዓመታት ይንከባከብ የነበረው ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ሰርጎ ገቡ የደከመውን ሰው እያገዘ ከሁለት ዓመት በላይ እምነት ሲገነባ ቆይቷል። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ጉዳቱ የገባው ማንም ደመወዝ ባልከፈለበት በር መሆኑን፣ ያዳነን ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሆኑን ልብ እንበል። ስለዚህ ረቂቁ የኩባንያን ድጋፍ የምንታገሠው ነገር አድርጎ ሳይሆን የምንፈልገው ነገር አድርጎ ይጻፈው፤ ውሉ ግን ጥብቅ ይሁን።

ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ

አጭር ሐሳብ አለኝ። ከአንድ ኩባንያ የሚመጣ ድጋፍ ከዓመቱ በጀት ከሲሶ መብለጥ የለበትም የሚል አንቀጽ ይግባ። በዕቃ የሚሰጠውም በገበያ ዋጋ ተሰልቶ ይቆጠር፤ አለዚያ ሰርቨር በስጦታ መልክ እየገባ ሲሶው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የአሁኑ ኩባንያ ሙሉ ወጪውን እችላለሁ ማለቱ ያስመሰግነዋል፤ ሙሉውን ከተቀበልን ግን በሚቀጥለው ዓመት እምቢ የምንልበት አቅም አይኖረንም።

ከትርጉም ቡድን አባል

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ጸሐፊያችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የመማሪያው ባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት አምስት ሆነን አንድ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ስንተረጉም፣ «ሰርዝ» የሚለው ቃል የጀመሩትን ለመተው ይሁን ወይስ ፋይል ለማጥፋት በሚለው ብቻ ሦስት ምሽት ተከራክረናል። በመጨረሻ ለመጀመሪያው «ሰርዝ»፣ ለሁለተኛው «አጥፋ» ብለን ወሰንን፤ ውሳኔውንም ከሺህ በላይ በሚሆኑ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ አስተካከልን። ሥራው የተቀመጠው በአንድ ኩባንያ የትርጉም መድረክ ላይ ነበር። ስንመዘገብ የተስማማንበትን ውል ማናችንም አላነበብነውም፤ መድረኩ ሲዘጋ ትርጉሙን የምናወጣበት መንገድ አልነበረም፣ መብቱም የእኛ አልነበረም። ያ ድካም ዛሬ የትም የለም። ኩባንያው ውሉን አልጣሰም፤ ስሙን የማልጠራውም ለዚህ ነው።

በሊኑክስ ዓለም ይህ ልዩነት ትልቅ ውጤት አለው። ለከርነሉ ኮድ የሚልክ ሰው ከ2004 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» በሚል መስመር ስሙንና ኢሜይሉን ያሰፍራል፤ ትርጉሙ ይህን ኮድ በዚህ ፈቃድ የመላክ መብት አለኝ ማለት ነው። የኮዱ ባለቤትነት ከጸሐፊው አይወጣም። ባለቤቶቹ በሺዎች ስለሚቆጠሩ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ የከርነሉን ፈቃድ ብቻውን ሊለውጥ አይችልም። በሌላው መንገድ የሄዱት ምን እንደገጠማቸው ደግሞ በኦገስት 2023 ታየ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ ከውጭ ገንቢዎች ኮድ ሲቀበል ሰፊ መብት የሚሰጠውን ስምምነት ያስፈርም ስለነበር፣ ቴራፎርም የሚባለውን የሰርቨር ማዘጋጃ ፕሮግራሙን ፈቃድ ከክፍት ምንጭ ወደ ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ (ተፎካካሪዎች በንግድ እንዳይጠቀሙበት ወደሚገድብ ፈቃድ) ለመለወጥ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ቅር የተሰኙት ከለውጡ በፊት የነበረውን ኮድ ይዘው ወጥተው፣ ኦፕንቶፉ የሚባለውን ፕሮጀክት በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር አቋቋሙ።

ስለዚህ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለኝ፤ የመማሪያው መብት ከጻፉት ሰዎች እንዳይወጣ፣ ለሁሉም በክሪየቲቭ ኮመንስ (ማንም እንዲያባዛና እንዲያካፍል በሚፈቅድ) ፈቃድ እንዲለቀቅ፣ ኩባንያው አርማውን ከፈለገ በሽፋኑ ላይ ለድጋፉ ምስጋና እንድናሰፍርለት። ገንዘቡ በዚህ ምክንያት ቢቀርም ይቅር።

ከሲስተም አስተዳዳሪ አባል

እኅታችን ስለ ትርጉሙ የጻፈችው ልቤን ነክቶታል፤ አንቀጹ በራሷ ቃል እንዲገባ እጠይቃለሁ። የሥልጠና ተጠሪዋ ስለ ረቂቁ አዝማሚያ ያሉትንም ተቀብያለሁ።

የቀረው ሥልጠናው በምን ላይ ይሰጥ የሚለው ነው። እኔ ዴቢያን የሚባለውን ዲስትሮ እመርጣለሁ። በ1993 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የማንም ኩባንያ ንብረት አልሆነም፤ መሪውን ገንቢዎቹ በየዓመቱ በድምፅ ይመርጣሉ፣ ለተጠቃሚው የገባው ማኅበራዊ ውል ከ1997 ጀምሮ በጽሑፍ አለ፣ የንግድ ምልክቱን የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ኩባንያዎችም ከዴቢያን ጋር አብረው ይሠራሉ፤ ኡቡንቱ ራሱ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ስንጠይቀው ሦስቱንም ይመልሳል።

ከሥልጠና ክፍል ተጠሪዋ

በመርሑ እስማማለሁ፤ በተግባር ግን ተማሪዎቻችን ለሥራ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የሬድ ሃት ቤተሰብ የሆነውን ሥርዓት ነው። «አፕት»ን (የዴቢያንን ፕሮግራም መጫኛ) ብቻ አስተምረን «ዲኤንኤፍ» (የሬድ ሃት ቤተሰብ መጫኛ) ፊት ብናቆማቸው በደል ይሆናል። እዚህ ላይ በጁን 2023 የመጣውን ለውጥም ማሰብ አለብን። ሬድ ሃት የኢንተርፕራይዝ እትሙን ምንጭ ኮድ ለደንበኞቹ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ለሕዝብ የሚቀርበው የስትሪም ኮድ ብቻ እንደሚሆን ሲያስታውቅ፣ ሴንትኦኤስን ለመተካት በ2021 የወጡት ሁለቱ በየፊናቸው መንገድ ፈለጉ። አልማሊኑክስ ፍጹም ግልባጭ መሆኑን ትቶ ፕሮግራሞች ሳይለወጡ እንዲሠሩበት መጣጣምን መረጠ፤ ሮኪ ሊኑክስ ግልባጭነቱን ሊቀጥል ወሰነ። ሬድ ሃት ምንም ሳይጨምሩ ሥራችንን መልሰው ይገነባሉ ሲል ያቀረበው ቅሬታ ሚዛን የለውም አልልም፤ መሐንዲሶቹ ለዓመታት አንድን እትም እየጠገኑ ማቆየታቸው ቀላል ወጪ አይደለም። ለእኛ ግን የሚያስፈልገው ተማሪው ለመማር ማንንም ፈቃድ የማይጠይቅበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ መሠረታዊው ኮርስ በዴቢያን፣ ከፍተኛው በአልማሊኑክስ ይሁን እላለሁ።

ከሲስተም አስተዳዳሪ አባል

ተስማምቻለሁ። ለከፍተኛው ኮርስ አንድ ምዕራፍ ይጨመርልኝ፤ ከአንድ ዲስትሮ ወደ ሌላ መሸጋገርን ተማሪው በእጁ እንዲሠራው እፈልጋለሁ። ምዕራፉን እኔ እጽፋለሁ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የመነሻ ረቂቄን ትቼዋለሁ። እስካሁን የተባለውን ይዤ አዲስ ጽፌያለሁ፦

«ማኅበሩ የንግድ ኩባንያዎችን ድጋፍ ይፈልጋል፤ ውሉንም በጽሑፍ አድርጎ ለአባላት ሁሉ ይፋ ያደርጋል። ከአንድ ኩባንያ በገንዘብም ሆነ በዕቃ የሚገኘው ድጋፍ ከዓመቱ በጀት ከሲሶ አይበልጥም። ማኅበሩ የሚያሠለጥንበት ወይም ለአባላት የሚመክረው ሥርዓት ስሙ፣ ዶሜይኑና የመፈረሚያ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ተጣርቶ በጽሑፍ ይቀመጣል። በማኅበሩ ስም የሚዘጋጅ መማሪያ፣ ትርጉምና ኮድ መብቱ ከአዘጋጆቹ አይወጣም፤ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚያስችል ክፍት ፈቃድ ይለቀቃል፤ ቅጂውም በማኅበሩ በራሱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ማኅበሩ ከሚያገኘው ድጋፍ ከፊሉን፣ አባላቱ በየቀኑ ለሚጠቀሙባቸውና ደመወዝ ለሌላቸው ፕሮጀክቶች በገንዘብ ወይም በሥራ ይመልሳል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት የኤክስዜድን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው። «ከፊሉን» የሚለው ምን ያህል እንደሆነ ገንዘብ ያዣችን ሠርተው እስከ ዓርብ ቢያቀርቡልን መልካም ነው። ለኩባንያው የሚላከውን ደብዳቤ ከትርጉም ቡድኗ አባል ጋር እናዘጋጃለን፤ ሲሶውን ወጪ እንዲሸፍን፣ ምርቱም በከፍተኛው ኮርስ ውስጥ እንደ አንድ ምሳሌ እንዲታይ እንጋብዘዋለን፤ የመማሪያውን መብት ግን እንደማንሰጥ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ እንገልጻለን።

ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ

እስከ ዓርብ አቀርባለሁ። ለስሌቱ እንዲረዳኝ እያንዳንዱ አባል በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ ሁልጊዜ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዘርዝሮ ይላክልኝ፤ ማን ደመወዝ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ከዚያ ተነሥተን እናያለን።