የጃፓን ቃና በፍሉት፣ በቫዮሊንና በቼሎ

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሰላም ወገኖች፤ ለሦስቱ መሣሪያዎች ዝናብና ነፋስ የሚሰማበት አጭር ሥራ እየጻፍኩ ነው። ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) ተጠቅሜም የጃፓን ቃና አልመጣልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜጀር ፔንታቶኒኩን ተወው። ሚያኮ-ቡሺ የሚባለው የጃፓን ቅኝት ሬ፣ ሚ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቤሞል ነው። የድምፆቹ ርቀት ከአምባሰላችን ጋር አንድ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው አጨዋወቱ ነው፤ የአምባሰል ጌጥ ከጨመርክበት ወሎ ትገባለህ።

መልስ፦ ለሻኩሃቺ (የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት) ቃና፣ ፍሉቱ ላይ መጀመሪያ ባዶ ትንፋሽ ይሰማ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይግባ። መሣሪያውን ወደ ከንፈር ማዞር ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ ማወዛወዙ በአንገት ይሁን። ይህ በጣም ያምራል!

መልስ፦ የኮቶውን (በጣት የሚነካ የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ) ቃና ለቼሎ ስጠው። ፒዚካቶ (ክሩን ያለ ቀስት በጣት) ነክቶ ወዲያው የግራ ጣቱን ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ያንሸራት። በቫዮሊን ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት መንሸራተቱ አይሰማም። ዝናቡን ቫዮሊኑ በቀስቱ እንጨት ክሩን እየመታ ያምጣው፤ ምቱ እኩል ከሆነ ግን የሰዓት ድምፅ ይሆናል፣ አራርቀህ አዘበራርቀው።