በሠራተኛ ቅነሳ ከሥራ መውጣቴን በቃለ መጠይቅ ላይ እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነበርኩ። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት ካገደ በኋላ ፕሮጀክታችን ተዘጋ፤ ድርጅቱ ግን በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ ስለቀጠለ አንዳንድ ባልደረቦቼ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛውረው ቀርተዋል። አሁን ቃለ መጠይቅ በገባሁ ቁጥር «ሌሎቹ ሲቀሩ እርስዎ ለምን ተቀነሱ?» እባላለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬም ውሌ መቋረጡን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። እውነቱን ሳልደብቅ፣ ግን ጥርጣሬ ሳላሳድር ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፣ ከሰው ሀብት ባለሙያ፦
በቅጥር ኮሚቴ ስቀመጥ ይህን ጥያቄ የምጠይቀው እኔው ነኝ። ማወቅ የምፈልገው አመልካቹ በዲሲፕሊን ወይም በአፈጻጸም ጉድለት አለመሰናበቱን፣ የቀድሞ አለቃውም ስልክ ቢደወልላቸው ይህንኑ እንደሚያረጋግጡ ነው። ስለዚህ «መደቤ የተመደበው በዚያ ፕሮጀክት በጀት ስለነበር ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ታጠፈ» ይበሉና ወደ ሥራዎ ይሻገሩ። በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት መረጃ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ሥርዓት) የገባውን ወርሃዊ ሪፖርት ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር እንዴት ያመሳክሩ እንደነበር፣ ልዩነት ሲያገኙም ምን ያደርጉ እንደነበር በምሳሌ ያስረዱ። በመዝጊያው ወቅት መረጃውንና ንብረቱን ያስረከቡት እርስዎ ከሆኑ ይህን በፍጹም አይዝለሉት፤ ድርጅት በጥፋት ለሚያሰናብተው ሰው ርክክብ አይሰጥምና፣ እኔን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ የሚያሳምነኝ እሱ ነው።

መልስ፣ ከሕግ ባለሙያ፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ እንዲገልጽ የሚገደደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። አሠሪው የሚሰጠው የውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ግን በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱን መግለጽ ስላለበት፣ የዚያን ደብዳቤ ቅጂ ይዘው ይግቡ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ አዋጁ በቅነሳ ጊዜ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ሠራተኞች እንዲቀሩ ቅድሚያ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ጠያቂ «ተቀነስኩ» የሚለውን ቃል ብቻውን ከሰማ፣ ከባልደረቦችዎ ጋር ተወዳድረው የወደቁ ሊመስለው ይችላል። የታጠፈው መደቡ ራሱ ከሆነ በግልጽ እንዲህ ይበሉ። በእኩል ችሎታ መካከል የተመረጡት አገልግሎትዎ አጭር ስለነበረ ከሆነም ይህ በአዋጁ የታወቀ መስፈርት ስለሆነ ሳያፍሩ ይናገሩት።

መልስ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሥራ ከወጣች፦
ከላይ በተሰጡት ምክሮች እስማማለሁ። በማመልከቻ ቅጹ «የለቀቁበት ምክንያት» በሚለው ቦታ «በራስ ፈቃድ» ብለው እንዳይሞሉ አደራ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ለክብሩ ሲል ይህን ይጽፋል፣ ኋላ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ ግን ሁለቱ ቃል ሳይገጥም ይቀራል። «ፕሮጀክቱ በመዘጋቱ» ብለው ይሙሉ። ምስክር አድርገው የሚያስመዘግቧቸውን የቀድሞ አለቃዎንም አስቀድመው ደውለው ያነጋግሩ፤ የእኔ ኃላፊ እንደ ሌሎቻችን ሥራቸውን አጥተው ስለነበር በድርጅቱ ስልክ ሊገኙ አልቻሉም፣ የግል ቁጥራቸውን በፈቃዳቸው ካስመዘገብኩ በኋላ ነው ስለ እኔ ሊጠየቁ የቻሉት።