የሐኪም የሥራ ወጪና የግብር ቅናሽ በእንግሊዝ አገር፦ ከየትኛው ደረሰኝ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በእንግሊዝ አገር በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ሆስፒታል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 2022 ነው። ያኔ ሆስፒታሉ በራሱ ውል ነበር የቀጠረኝ፤ የሥልጠና መደብ አልነበረም። ከኦገስት 2024 ወዲህ ግን የውስጥ ደዌ ሕክምና ሥልጠና ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባዬ የጂኤምሲ (የሐኪሞች መዝጋቢ አካል) ዓመታዊ ክፍያዋ ግብሯን እንደሚያስቀንስላት ስትነግረኝ ደነገጥኩ። እኔ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም አልነበረም። ማታ ተቀምጬ ደረሰኞቼን ከኢሜይል ውስጥ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የጂኤምሲ ክፍያ፣ የቢኤምኤ (የሐኪሞች ማኅበር) መዋጮ፣ የኤምዲዩ የክስ ዋስትና፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች የሚወስዱት የኤምአርሲፒ ፈተና (የመጀመሪያው ክፍል በ2023፣ ሁለተኛው በ2025)፣ አንድ ኮርስ፣ ስቴትስኮፕ፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የከፈልኳቸው የፒላብ (ውጭ አገር የተማረ ሐኪም እዚህ ለመመዝገብ የሚፈተነው) እና የእንግሊዝኛ ፈተናዎች፣ የቪዛ ክፍያ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ጠዋት በሆስፒታሌ ሠርቼ ከሰዓት በኋላ በራሴ መኪና ሌላ ከተማ ወዳለ ክሊኒክ እሄዳለሁ።

ከነዚህ የትኛው ይፈቀዳል? ስንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል? አንድ ድርጅት ደውሎ «ሁሉንም እኛ እንጨርስልሽ፣ ከሚመለሰው ድርሻችንን እንወስዳለን» ብሎኛል። ልፈርምላቸው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ 1 (የልብ ሕክምና ሰልጣኝ)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። የሚመለስልሽ የከፈልሽው ገንዘብ አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ ላይ የተከፈለው ግብር ነው። ለምሳሌ 400 ፓውንድ መዋጮ ከፍለሽ ግብርሽ በ20 በመቶ እርከን ላይ ከሆነ የሚመለሰው 80 ፓውንድ ነው። ገቢሽ ከ50,270 ፓውንድ አልፎ 40 በመቶ የሚከፈልበት ላይ ከደረሰ 160 ይሆናል። ስኮትላንድ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ እርከኖቹም መቶኛዎቹም የተለዩ ስለሆኑ በዚያው አገር መጠን አስሉት።

ጂኤምሲ፣ ቢኤምኤና ኤምዲዩ ያለ ጥርጥር ይፈቀዳሉ። የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ኤችኤምአርሲ፣ የሚቀበላቸውን የሙያ አካላት ዝርዝር ራሱ ያወጣል፤ «ሊስት 3» ይባላል። የከፈልሽበት አካል ስም እዚያ ላይ መኖሩን አይተሽ ጠይቂ። የሮያል ኮሌጅ አባልነትም እዚያው አለ። የዕድሜ ልክ አባልነት ግን አይፈቀድም።

ፈተናውን በተመለከተ እኔ ሁሉንም ጠይቄ ተመልሶልኛል። አንቺም ሁለቱንም ክፍሎች አስገቢ።

መልስ 2 (የሒሳብ ባለሙያ፣ ከሐኪሞች ጋር የምሠራ)

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ መዋጮው ትክክል ነው። ስለ ፈተናው ግን ዶክተር ይጠንቀቁ፤ የሌላ ሰው ጥያቄ አለፈ ማለት የእርስዎም ያልፋል ማለት አይደለም።

ለተቀጣሪ ሠራተኛ ሕጉ ጠባብ ነው። ወጪው ሙሉ በሙሉ ለሥራው ብቻ፣ በግድም የሚያስፈልግ፣ ደግሞም ሥራውን በማከናወን ላይ እያሉ የወጣ መሆን አለበት። ብዙ ወጪ የሚወድቀው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። አንድን ሥራ ለማግኘት የሚወጣ ገንዘብና ሥራውን በመሥራት ላይ የሚወጣ ገንዘብ በግብር ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ፒላብ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና ቪዛ አይፈቀዱም። እነዚህ ወደ ሥራው በር ያደረሱዎት ወጪዎች ናቸው። የከፈሉት ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢያሳዝንም ይለፏቸው።

የኤምአርሲፒ ጉዳይ ታሪክ አለው። በ2007 ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ (ሃይ ኮርት) የፈተና ክፍያውን እንዲቀነስለት የጠየቀን ሐኪም አልተቀበለውም። በ2010 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለአንዲት የቆዳ ሕክምና ሰልጣኝ የኮርስና የጉባኤ ወጪ ፈረደላት። የግብር መሥሪያ ቤቱ «ሥልጠናው የጠቀመው እርሷን ነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የተቀጠረችው ለመሠልጠን ጭምር መሆኑን፣ ሥልጠናው በውሏ የተጫነባት ግዴታ መሆኑን አይቶ፣ የግል ጥቅሙ አብሮ የመጣ እንጂ የወጪው ዓላማ አይደለም አለ።

እንግዲህ ዋናው ማስረጃ የቅጥር ውልዎ ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ በሥልጠና ውል ላይ ነዎት፤ ፈተናውን ማለፍ የሥልጠናው ግዴታ ስለሆነ የ2025ቱን ክፍል ይጠይቁ። የ2023ቱን የተፈተኑት ግን ሆስፒታሉ ለአገልግሎት ብቻ ቀጥሮዎት ሳለ ነው። ያን ውል አውጥተው ያንብቡት። ፈተናውን እንዲወስዱ የሚያስገድድ ቃል ከሌለበት፣ ለወደፊት ዕድገትዎ ያወጡት ገንዘብ ነው፤ አይጠይቁት።

ስቴትስኮፑም የሚታየው በዚያው ሚዛን ነው። ክፍሉ የሚያቀርበው እያለ የተሻለ ስለፈለጉ የገዙት ከሆነ አያልፍም።

መልስ 1 (ተመልሶ)

ስለ ፈተናው የሰጠሁትን ምክር አነሣለሁ። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥልጠና ውል ላይ ስለነበርኩ ልዩነቱን አላሰብኩትም። ጋሼ፣ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 3 (ነርስ)

እዚህ ያላችሁ ሁሉ ሐኪሞች ብትሆኑም ይህን የሚያነብ ነርስና አዋላጅ አይጠፋም። ዩኒፎርማችንን ቤት የምናጥብ ሰዎች ደረሰኝ ሳንቆጥር በዓመት 125 ፓውንድ ወጪ ይያዝልናል። የጥርስ ሕክምና ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና የራዲዮግራፊ ባለሙያዎችም በዚሁ ውስጥ ናቸው። የአምቡላንስ ሠራተኞች 185 ነው። ለነርስ ጫማ 12፣ ለካልሲ 6 ፓውንድ ይጨመራል። ሆስፒታሉ ራሱ የሚያጥብላችሁ ከሆነ ግን አይገባችሁም። በ20 በመቶ ሲሰላ 125ቱ 25 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። ቢሆንም የአራት ዓመቱ ሲደመር የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው፤ አትተዉት።

መልስ 4 (የጥርስ ሐኪም)

እኔ ክሊኒክ ውስጥ በግሌ የምሠራ ነኝ፣ ማለትም ተቀጣሪ አይደለሁም። ብዙ የጥርስ ሐኪሞች እንዲህ ናቸው፤ የእኛ ሕግ ደግሞ ሰፋ ይላል። ወጪው ሙሉ በሙሉ ለሥራው ብቻ መዋሉ ይበቃል፤ «በግድ የሚያስፈልግ» የሚለው ቃል ለእኛ የለም። የጂዲሲ (የጥርስ ሐኪሞች መዝጋቢ አካል) ክፍያ፣ የክስ ዋስትና፣ ማጉያ መነጽር፣ የላብራቶሪ ክፍያ ሁሉ ይገባል። ለሥራ ብላችሁ የገዛችሁት ተራ ልብስ ግን አይገባም። በ1983 ያኔ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት ለመቆም ጥቁር ልብስ ስትገዛ የኖረችን ጠበቃ እንኳ ልብስ ሰውን ያሞቃል፣ ይሸፍናል ብሎ ከልክሏታል።

የጎዳኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ግብሬን ጃንዋሪ 31 ቀን ልከፍል ስገባ፣ የዚያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ዓመት ግማሽም አብሮ ተጠየቀ። ሌላው ግማሽ ጁላይ 31 ቀን ነበር። ሒሳቡ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን ደንቡ ይኸው መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡንም ለመሣሪያ አውጥቼው ነበር። ተበድሬ ከፈልኩ። ዘንድሮ በግላችሁ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ቀን ካለቀ በኋላ እስከሚመጣው ኦክቶበር 5 ቀን ድረስ ተመዝገቡ፤ ከሚገባላችሁም ገንዘብ በየወሩ ለይታችሁ አስቀምጡ።

መልስ 5 (ከፍተኛ ስፔሻሊስት)

ገቢያችሁ ከ100,000 እስከ 125,140 ፓውንድ መካከል የሆነ ስፔሻሊስቶች፣ ይህ ጉዳይ ከማንም በላይ የእናንተ ነው። ከ100,000 በላይ በእያንዳንዱ 2 ፓውንድ 1 ፓውንድ ከግብር ነፃ ከሆነው 12,570 ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በዚያ ክልል ውስጥ የምታስቀንሱት ወጪ በእንግሊዝ 60 በመቶ ያህል ግብር ያድንላችኋል።

መልስ 6 (የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም)

ስለደወለልሽ ድርጅት፦ አትፈርሚ። እኔ ፈርሜ ነበር። ከተመለሰው ገንዘብ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እነርሱ ጋ ቀረ። የባሰው ደግሞ በስሜ የጠየቁትን ሁሉ አላሳዩኝም ነበር። ከቤት ወደ ሆስፒታል የምሄድበት መንገድ ሳይቀር ገብቶ፣ ከዓመት በኋላ ገንዘቡን እንድመልስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ድርጅቱ ድርሻውን አልመለሰም። በጥያቄው ላይ የሰፈረው ስም የእኔ ስለሆነ ኃላፊነቱም የእኔ ሆነ። ቅጹ አንድ ምሽት የማይፈጅ ነው፤ ራስሽ ሙዪው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም። የመጀመሪያውን ውሌን ዛሬ አነበብኩት፤ ስለ ፈተና አንድም ቃል የለበትም። የ2023ቱን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለኮርሱ ከከፈልኩት ግማሹን የሥልጠና በጀቱ መልሶልኛል፤ ይህ እንዴት ይታያል? የመኪናውስ? ደግሞ ጋሼ፣ ቅጹን ከየት ልጀምር?

መልስ 2 (የሒሳብ ባለሙያው)

የኮርሱን ያልተመለሰልዎትን ግማሽ ብቻ ይጠይቁ። ቀጣሪ ለመለሰው ገንዘብ ቅናሽ የለም።

በመኪናው ላይ፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚሄዱበት አይቆጠርም። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታልዎ ወደ ክሊኒኩ የሚነዱት ግን ሥራ ነው። የተፈቀደው መጠን ለመጀመሪያዎቹ 10,000 ማይሎች በማይል 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ 25 ፔንስ ነው። ሆስፒታሉ ከዚያ ያነሰ ከፍሎዎት ከሆነ ልዩነቱን ይጠይቃሉ። በኤንኤችኤስ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከ45 ፔንስ በላይ ስለሆነ መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀትዎን ይመልከቱ። ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ማይሉን የያዘ መዝገብ ከሌለዎት ከዛሬ ጀምሮ ይያዙ።

ቅጹ ፒ87 ይባላል። በአንድ ዓመት ወጪዎ ከ2,500 ፓውንድ ካለፈ ወይም ቀድሞውኑ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ የሚያስገቡ ከሆነ ግን በዚያው በማስታወቂያው በኩል ነው የሚያልፈው። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ፣ ከላይ ነርሷ ከጠቀሰችው ቋሚ መጠን በቀር፣ ማስረጃ ማያያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ስምዎ፣ ቀኑና የከፈሉት መጠን የሚታይበት ደረሰኝ ያዘጋጁ፤ የባንክ መግለጫ ብቻ ይዘው አይሂዱ። የቀጣሪዎን መለያ ቁጥር ከፒ60 (ቀጣሪዎ በግብር ዓመቱ መጨረሻ ከሚሰጥዎ ወረቀት) ላይ ያገኙታል።

ደረሰኞቹን በግብር ዓመት ይለዩ፤ ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ማለት ነው። ወደ ኋላ አራት ዓመት ይፈቀዳል። የመጀመሪያ ዓመትዎ፣ የ2022/23፣ በኤፕሪል 5 ቀን 2027 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በምንም መንገድ አይከፈትም። ስለዚህ ከእሱ ይጀምሩ። ላለፉት ዓመታት ገንዘቡ ይመለስልዎታል። ለዘንድሮው ግን የግብር ኮድዎ (ከደመወዝዎ ስንት ግብር እንደሚቀነስ ለቀጣሪ የሚነግረው ቁጥር) ነው የሚለወጠው። 1257ኤል የነበረው ቁጥር ከፍ ብሎ ካዩ ቅናሹ ገብቷል ማለት ነው። በየዓመቱም ሳይጠይቁ ይቀጥላል፤ ከቢኤምኤ የወጡ ወይም ሥልጠናውን የጨረሱ ዕለት ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ጠያቂዋ

የ2022/23 ደረሰኞቼን አሁን ለይቼ ጨረስኩ፤ የጂኤምሲው ብቻ ጎድሎብኝ ከድረ ገጹ አወረድኩት። ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ እሑድ ከእንቅልፌ ስነሣ ቅጹን እልካለሁ።