የአንጀት ከረጢት ላለበት ሰው የባቢሌ ለውዝ ይከለከላል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦
የ64 ዓመቱ አባቴ ባለፈው ወር ከእምብርታቸው በታች በግራ በኩል ለሦስት ቀን የማይለቅ ሕመም ይዟቸው፣ ትኩሳትም ስለጨመረባቸው ሲቲ ስካን ሲነሡ፣ ከትልቁ አንጀት ግድግዳ ወደ ውጭ ካበጡት ትንንሽ ከረጢቶች አንዱ መቆጣቱ ታወቀ። አሁን ተሽሏቸዋል። ሆኖም ጎረቤት ሁሉ «ፍሬው ከረጢቱ ውስጥ ይሰነቀራል» ስላላቸው፣ ከምሳ በኋላ እየፈለፈሉ ይበሉት የነበረውን የባቢሌ ለውዝ ትተው፣ የማሽላ እንጀራም አልነካም ብለው፣ ነጭ ዳቦ በሻይ ብቻ ይዘዋል። ለጉልበታቸው ሕመም ማስታገሻ የሚወስዱትን ዲክሎፌናክ ግን አልተዉም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ጤና ባለሙያ (ሐረር)፦
አባትዎ መተው የሚገባቸውን ይዘው፣ መያዝ የሚገባቸውን ትተዋል። የፍሬው መሰንቀር እኛ ባለሙያዎችም ለዓመታት ስናስተላልፈው የኖርነው ምክር ነው፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ18 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ለውዝና ፈንዲሻ አዘውትረው የሚበሉት በዚህ ሕመም ይበልጥ ሲጠቁ አላገኘም። በአንጻሩ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከረጢቱን ለመድማትና ለመበሳት ስለሚያጋልጡ፣ በፓራሲታሞል ይተኩላቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አሰር (በአንጀት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ፋይበር) የሌለው ምግብ የሚያስፈልገው ሕመሙ በጸናባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ካልተደረገላቸው ደግሞ፣ ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ከሕመሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይደረግላቸው፤ አንጀቱ እንደተቆጣ ማድረግ ግን ለመበሳት ያጋልጣል።

የሳቢያን ነዋሪ፦
እኔም ታምሜበታለሁ። አሰር ብላ ስባል በአንድ ቀን ከነጭ ዳቦ ወደ ባቄላና የማሽላ ገንፎ ዘልዬ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አደረ፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩላቸው፣ ውሃም አብሮ ይጨመር፤ በእኛ ሙቀት ውሃ ከሌለ አሰሩ ራሱ ሆድ ያደርቃል። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ይንገሯቸው፤ እኔ ከሰዓቱን ስቅም ውዬ እራት ሳልበላ ባደርኩ ቁጥር ሦስት ቀን ሆዴ ይደርቅ ነበር።

የከዚራ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ጫት አይቅሙም። ሕመሙ ቢመለስ ግን ቤት ልንጠብቅ የምንችለው እስከ መቼ ነው?

ጤና ባለሙያ (ሐረር)፦
ትኩሳት የሌለው ቀላል ሕመም ከሆነ በማግስቱ ሐኪም ይያቸው። ሆዳቸው እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ወይም የበሉትን ሁሉ ካስመለሱ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዷቸው። የከረጢት መድማት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ስለዚህ ከሰገራቸው ጋር ደም ካዩ «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ እንዳታሳድሩት።