ሐምሌ ላይ የተመጠጠ ሴፕቲክ ታንክ በ3 ሳምንቱ ሞላ፤ ጥፋቱ የታንኩ ነው የጉድጓዱ?

የማራኪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው፤ መሬቱ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር)። ሴፕቲክ ታንኩ በብሎኬት የተሠራ ባለሁለት ክፍል ነው። ውስጡ ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.5 ሜትር። ከእሱ ቀጥሎ አፉ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ማስረጊያ ጉድጓድ አለ፤ በደረቅ ድንጋይ የተካበ። ከተሠራ 6 ዓመቱ ነው። ከተከራዮች ጋር 9 ሰው ይጠቀምበታል። እስከ ዘንድሮ ተመጦ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ሽንት ቤቱ ውኃ ሲደፋበት ቶሎ አልወርድ አለ፤ በጉድጓዱ ክዳን ዙሪያም ጥቁር ውኃ መውጣት ጀመረ። መጣጭ መኪና መጥቶ ሁለቱንም መጠጠ፤ በ3 ሳምንቱ ተመልሶ እዚያው ነው። ግምበኛው «ታንኩ አንሷል፣ ሌላ ይሠራ» ይላል። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን እንይ?

ውኃ ልክ

እህቴ፣ ታንኩን ገና አትንኩት። መጀመሪያ ልኬቱን እናስላ። 2.4 በ1.2 በ1.5 ሲባዛ 4.3 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህ 4,300 ሊትር ማለት ነው። 9 ሰው በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም 540 ሊትር ይገባል። ፍሳሹ ታንኩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲቆይ ነው የሚፈለገው፤ የእናንተ ባዶ ሲሆን አንድ ሳምንት ያቆያል። ስለዚህ ታንኩ አላነሰም።

ዝቃጩን ግን ተመልከቺው። ለግምት በሰው በዓመት 40 ሊትር ይያዛል። 9 ሰው በዓመት 360 ሊትር፣ በ6 ዓመት 2,160 ሊትር፤ የታንኩ ግማሽ። ሲሶው ሲሞላ መመጠጥ ነበረበት፤ ያ በ4ኛው ዓመት ላይ ነው። የቀሩትን 2 ዓመታት ዝቃጭ ወደ ጉድጓዱ ሲሻገር ኖሯል ማለት ነው። ታንክ ሳይመጠጥ ሲቀር የሚሞተው እሱ ራሱ አይደለም፣ ከኋላው ያለው ጉድጓድ ነው። ሰዉ «ሴፍቲ ታንክ» እያለ የሚጠራው በስህተት ቢሆንም፣ ጉድጓዱን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ስሙ ብዙም አልራቀም።

አሁን እንዲህ አድርጉ። የታንኩን ክዳኖች ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ራቅ ብላችሁ አስተንፍሱት። ክብሪትም ሲጋራም አይለኮስ፤ ሚቴን አለበት። ከዚያ ከላይ ሆናችሁ በባትሪ የውኃውን ከፍታ ከመውጫው ቱቦ ጋር አስተያዩ። ውኃው ልክ በመውጫው ቱቦ ታችኛ ከንፈር ላይ ከቆመ ታንኩም ጉድጓዱም እየሠሩ ነው፤ የተዘጋው ከቤት ወደ ታንክ የሚመጣው መስመር ነው። ቱቦውን ከሸፈነው ጉድጓዱ እምቢ ብሏል፣ ወይም በመካከል ያለው ቱቦ ተደፍኗል። ከቱቦው በታች ወርዶ ከቀረ ደግሞ ግድግዳው ወይም ወለሉ ተሰንጥቆ ያፈሳል። በመግቢያውና በመውጫው ቱቦ ላይ ወደ ታች የወረደ ቲ (የT ቅርጽ ያለው ቱቦ) መኖሩንም እዩ። ሌላ ወደ ታንኩ የሚገባ መስመር ካለም ንገሪን።

የማራኪዋ

አመሰግናለሁ። ታየ። ውኃው የመውጫውን ቱቦ አንድ ስንዝር ያህል ሸፍኖታል። መግቢያው ላይ ቲ አለ፣ መውጫው ላይ ግን ቱቦው እንዲሁ ግድግዳውን በስቶ ነው የገባው። ሌላው ደግሞ የጣሪያው አሸንዳ ከሻወሩ መስመር ጋር ተቀጥሏል። ጣሪያው 100 ካሬ ይሆናል።

ውኃ ልክ

ሁለቱንም አገኘሽው እኮ። አሸንዳውን ዛሬውኑ ቁረጡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። የጎንደር ነሐሴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ 20 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ 2,000 ሊትር በአንድ ጊዜ ታንኩ ውስጥ ይገባል፤ የአራት ቀን ፍሳሻችሁ ማለት ነው። የተኛውን ዝቃጭ በጥብጦ ይዞት ይወጣል። የጣሪያ ውኃ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ወይም ወደ ሮቶ ይሂድ። የታንኩና የጉድጓዱ ክዳንም ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያው በልስን ይታሰር፤ ካልሆነ የግቢው ጎርፍ በዚያ ይገባል።

መውጫው ላይ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቲ ግጠሙ። የታችኛው እግር ከውኃው ላይኛ ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረድ፤ ይህ የ1.5 ሜትሩ 40 በመቶ ነው። የላይኛው እግር ከውኃው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አፉ ክፍት ይሁን፣ ጋዝ እንዲያልፍበትና ሲደፈን በዱላ እንዲወጋ። ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት፣ ከታች የተኛው ዝቃጭ፣ መሀሉ ግን አንጻራዊ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ቲው ያንን መሀሉን ብቻ እንዲያሳልፍ ነው የሚገጠመው። እሱ ከሌለ ቅባቱ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። የመግቢያው ቲ 30 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃዋል። የመግቢያው ቱቦ ከመውጫው በ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱንም በውኃ ልክ እዩት።

የመውጫው ቱቦ ከክዳኑ በታች ካልሆነ ከላይ አርማታውን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሰብራችሁ አዲስ ክዳን ሥሩለት። ሰው ግን ወደ ውስጥ አይግባ፣ ባዶ ቢሆንም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። እዚያ ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፋ» ያለ ሰው ወዲያው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም ይከተላል። ሻማ አውርዶ መፈተሽ የሚባለው ነገር ሚቴኑን ያቀጣጥላል እንጂ ይህን መርዝ አያሳይም።

አዘዞ መስመር

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን አሸንዳው ተቆርጦና ቲው ተገጥሞም ጉድጓዱ ላይ ተስፋ አትጣሉ። ዋልካ ነው።

ሒሳቡ ይኸው። ክብ ጉድጓድ የሚያሰርገው በግድግዳው ነው፤ ወለሉ ቶሎ ስለሚደፈን አይቆጠርም። አፉ 1.5 ሜትር፣ ከቱቦው በታች ያለው ጥልቀት 2.5 ሜትር ቢሆን የግድግዳው ስፋት 11.8 ካሬ ነው። በሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ 1 ካሬ በቀን ከ10 ሊትር በታች ነው የሚያሰርገው፤ ስለዚህ ጉድጓዱ አዲስ እያለም ቢበዛ 118 ሊትር ነበር አቅሙ። የሚገባበት 540 ነው። 6 ዓመት መቆየቱ ይገርማል፤ ምናልባት ከዋልካው ሥር የሚፈራርስ ድንጋይ አግኝቶ ይሆናል። ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ውኃውን ይውጣል፣ በክረምት አብጦ ስንጥቁ ሲገጥም ይተፋዋል። መጋቢት ላይ ደኅና የነበረ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ «በድንገት ተበላሸ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በክረምት ጉድጓዱን ማስመጠጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከዙሪያው ያለው የዝናብ ውኃ ወዲያው መልሶ ይሞላዋል። ሁለተኛ ጉድጓድም አሁን አይቆፈር። እርጥብ ዋልካ በዶማና በአካፋ ሲመታ ግድግዳው እንደ ጭቃ ልስን ይለሰናል፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ አያሳልፍም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቆፍሩ፤ ቆፍራችሁ ስትጨርሱም ግድግዳውን በመጥረቢያ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት።

ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን ፈትኑ። ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመሞከሪያ ጉድጓድ፣ ማስረጊያው ሊሠራበት ባለው ጥልቀት ላይ አውጡ። ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ዋልካ ካልጠገበ ውሸቱን ይነግራችኋል። በማግሥቱ እንደገና ሙሉና 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። ከ60 ደቂቃ በላይ ከሆነ በዚያ ጥልቀት ጉድጓድ አይሠራም። ዋልካው ቀጭን ከሆነና 2 ሜትር ላይ ቀይ አፈር ወይም የተፈረካከሰ ድንጋይ ከተገኘ እዚያ ድረስ መውረድ ያዋጣል። ነገር ግን የጉድጓዱ ወለል በክረምት ከምትታየው የከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከውኃ ጉድጓድም 30 ሜትር ይራቅ፤ የጎረቤቱም ይቆጠራል።

አሮጌውን ጉድጓድ አትድፈኑት። ሁለተኛው ሲሠራ በመካከል ማከፋፈያ ሳጥን አስቀምጡና አንዱን በየተራ ዝጉት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጥቁር አንሸራታች ሽፋን ምግብ ሲያጣና አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ያረፈ ጉድጓድ አቅሙን በከፊል ይመልሳል። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ካለ ግን ሥሩ ድንጋዩን ስለሚያፈርሰው አስቀድማችሁ አስቡበት።

ቀሀ ማዶ

እርሾ ከስኳር ጋር ቢጨመርበት ይበላዋል የሚሉ አሉ። አመድና ጨውም ሲጨምሩ አይቻለሁ። ይሠራል?

ውኃ ልክ

አይሠራም። ዝቃጩን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ከሰው ዓይነ ምድር ጋር አብረው ነው የሚገቡት፣ ተጨማሪ አይሹም። እርሾ ቅባቱንና ዝቃጩን ቢበጠብጠው ወደ ጉድጓዱ እንዲሻገር ይረዳዋል እንጂ አያጠፋውም። አመድ ራሱ ዝቃጭ ነው፤ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ከሁሉ የሚብሰው ለዝንብና ለትንኝ ብለው ናፍጣ የሚደፉት ነው። ተሕዋስያኑን ይገድላል፣ የከርሰ ምድሩንም ውኃ ያበላሻል። ለትንኝ መፍትሔው መተንፈሻው ቱቦ አናት ላይ የወንፊት ሽቦ ማሰር ነው። በረኪና ለማጽጃ በልኩ ቢገባ አይጎዳም፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ በአንዴ መድፋት ግን ሌላ ነው።

ሳሙና በር

የማይገባውን ነገር ካነሳን፣ የእኛ ቤት ጣጣ ከወጥ ቤት ነው የሚመጣው። የጠላ አተላ፣ የቡና አተላ፣ የቡሖ ዕቃ እጣቢ፣ የወጥ ቅባት። ጥምቀትና ፋሲካ ላይ ደግሞ የዶሮ ላባና ፈርስ ይጨመርበታል። አተላ ከከብት ወይም ከማዳበሪያ ጉድጓድ ነው ቦታው። ሞዴስ፣ ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ በውኃ አይፈርሱም፤ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ክዳን ያለው ቅርጫት ይኑር።

ለወጥ ቤቱ መስመር የቅባት ማጥመጃ ሳጥን ሥሩ። 60 በ40፣ የውኃው ጥልቀት 50 ሴንቲ ሜትር፣ መውጫው ላይ ወደ ታች የታጠፈ ኤልቦ። 120 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ቅባቱ ይረጋና ከላይ ይቀራል። በየ2 ሳምንቱ በጭልፋ ገፎ በፌስታል አድርጎ መጣል ነው። ማንም ካልገፈፈው እንዳልተሠራ ይቆጠር።

ሌላው የፈረቃ ውኃ ነው። ውኃ የመጣ ዕለት የሳምንቱ ልብስ፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ይታጠባል። በአማካይ 540 ሊትር የሚባለው በዚያ ቀን 1,500 ሊሆን ይችላል፤ ታንኩም ጉድጓዱም በአማካይ ሳይሆን በዚያ ቀን ነው የሚፈተኑት። ውኃው ሮቶ ውስጥ ካለ እጥበቱን በ3 ቀን ከፍሉት። የልብስ አጠባ ውኃውን ደግሞ ከታንኩ አውጥታችሁ ለጌሾና ለአበባ ስጡት፤ በረኪና የገባበትን ግን አይደለም። የሽንት ቤቱ ሳጥን ማፍሰሱንም እዩ፦ የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩና 20 ደቂቃ ሳትለቁት ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ቅላት ከታየ ላስቲኩ አልቋል፤ ይህ ብቻውን በቀን መቶዎችን ሊትር ያፈሳል።

የማራኪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሸንዳው ተቆርጧል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቲው ሲገጠም ታንኩ መመጠጥ አለበት? ከዚያስ በየስንት ጊዜው?

ውኃ ልክ

ለቲው ሲባል ውኃው ከመውጫው በታች 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ይበቃል። አሁን ሙሉ በሙሉ አታስመጥጡት። መሬቱ ውኃ በጠገበበት ወቅት ባዶ የብሎኬት ታንክ ከውጭ ይገፋል፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰነጠቃል። ሙሉው መመጠጥ ከጥቅምት በኋላ ይሁን፤ ያኔ መኪናውም ጭቃ ሳይዘው ግቢ ይደርሳል። ሁለቱም ክፍሎች በየክዳናቸው ይመጠጡ፣ ቱቦው እስከ ወለሉ ይውረድ፤ ከላይ ውኃውን ብቻ ወስዶ ዝቃጩን ትቶ የሚሄድ አለ። ከተመጠጠ በኋላ ቢያንስ እስከ ግማሹ ውኃ ሙሉት።

በየስንት ጊዜው የሚለውን ዱላው ይንገርሽ። 2.5 ሜትር ዱላ ታችኛውን ሜትር ነጭ አቡጀዲ ጠቅልለሽ እስከ ወለሉ አውርጂ፣ ሁለት ደቂቃ አቆዪና ቀስ ብለሽ አውጪው። የጠቆረው ጨርቅ የዝቃጩ ውፍረት ነው። ለላይኛው ቅባት ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት በምስማር የተመታ ሌላ ዱላ ቅባቱን ወግተሽ አሳልፊውና ወደ ላይ ሳቢው፤ ሲይዝሽ የቅባቱ ሥር ነው። ሁለቱ ተደምረው 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ ያ የ1.5 ሜትሩ ሲሶ ነው፣ አስመጥጪ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ይለካ፤ ልኬቱና ቀኑ በክዳኑ ሥር በቀለም ይጻፍ። ተከራይ ሲቀያየር የሰው ቁጥሩም ይቀያየራል፤ 9 የነበረው 14 ከሆነ 4 ዓመት የተባለው ወደ 3 ዓመት እንኳ አይደርስም።